ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶበት ለተረፈ ሰው፦ ቤት ማስታመምና የሕመም ፈቃድ ማስጨረስ

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምንለው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ቤቱ ደሴ ነው። ጥር 4 ምሽት ከሥራ ገብቶ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲያወልቅ "ወይ ራሴን!" አለ። ከዚያ በኋላ የወጣው ቃል አልነበረም። አስመለሰው። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ጎረቤቱ ግር ብሎ መጣ። አንዷ "ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ" ትላለች። ሌላው አስፕሪን ይዞ ደርሷል። ደግነቱ ነርስ የሆነች የአክስታችን ልጅ እዚያው ነበረች፤ "አፉ ውስጥ ምንም እንዳታስገቡ!" ብላ ሁሉንም አባረረች።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስታማሚም ጉዳይ አስፈጻሚም ሆንኩ። ስሳሳት የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሕጉ ቀን ይቆጥራል፤ ጭንቅላት ደግሞ በራሱ ጊዜ ነው የሚድነው። ሁለቱ አይጠባበቁም። ስለዚህ ገላውን የሚያስታምም ሰውና ወረቀቱን የሚከታተል ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይለዩ። አንድ ሰው ብቻ ካላችሁ እሱ ደብተር ይግዛ።

1. በመጀመሪያው ሰዓት

ሰዓቱን ጻፉ። "ማታ ነው" አይበቃም፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "መቼ ጀመረው?" ብሎ ነው። የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ውሃም፣ ዳማከሴም፣ ክኒንም አትስጡት፤ መዋጥ ካልቻለ ወደ ሳንባው ይገባል።

አስፕሪኑን ለብቻው ልናገረው። ስትሮክ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደም ረግቶ ቧንቧ ሲዘጋ፣ ሌላው ቧንቧው ፈንድቶ ደም ሲፈስ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ስለሆነ እየፈሰሰ ላለ ሰው መስጠት ማባባስ ነው። የሚለያቸው እንደ ሲቲ ስካን ያለ የጭንቅላት ምስል ብቻ ነው።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልተገኘ ኮንትራት ታክሲ ያዙ፤ በባጃጅ እያንገጫገጫችሁ አትውሰዱት። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከሆነ እስከ ደሴ ያለው ዳገት ጊዜ ይበላል። መኪናው እየሄደ ሌላ ሰው ስልክ ይደውል፦ ሲቲ ስካን ዛሬ የሚሠራው የት ነው? ደርሶ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ከመባል ይሻላል።

2. ሆስፒታል ሳላችሁ የምትጠይቁት

ደሙ ከየት ፈሰሰ? ይህን ሳታውቁ ከሆስፒታል አትውጡ። ብዙ ጊዜ ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው ምክንያቱ፤ የጋሼም እሱ ነው። አንዳንዱ ላይ ያበጠ የደም ቧንቧ ይፈነዳል፤ ያ እንደገና እንዳይፈነዳ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማየት አለበት፣ ሪፈርም ሊያስፈልገው ይችላል። ሌላው በአደጋ ምክንያት ከራስ ቅል ሥር የሚጠራቀም ደም ነው። ክትትሉ በየዓይነቱ ስለሚለያይ ነው ጠይቁ የምለው።

ስትወጡ እነዚህን ይዛችሁ ውጡ፦ የመውጫ ማጠቃለያ፣ የሲቲ ስካኑን ፊልምና የተጻፈውን ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የሕመም ፈቃድ ማስረጃ። ማኅተም መኖሩን እዚያው በር ላይ ሳላችሁ እዩ። እኔ አንዷን ሳላይ ወጥቼ ለማኅተም ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ተመላልሻለሁ።

3. በማግስቱ፦ ወደ መሥሪያ ቤት

የግል ድርጅትና የፋብሪካ ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የሲቪል ሰርቪሱን ሕግ ነው የምታዩት፤ ቀኑም ክፍያውም ሌላ ስለሆነ እዚህ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ እንዳትከራከሩ።

አንቀጽ 85 እንዲህ ይላል ባጭሩ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የሕመም ፈቃድ ያገኛል። በቀረበት ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ አሠሪው ቀድሞ ካወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከሆነ ግን አይገደድም። የሚያቀርበው ማስረጃ መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም የተሰጠ መሆን አለበት።

እኔ ምን አደረግሁ? የወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለቅርብ አለቃው በቴሌግራም ላክሁ። "እግዜር ይማረው" ብሎ መለሰልኝ። ተገላገልሁ ብዬ ተቀመጥሁ። በዘጠነኛው ቀን ስሄድ "ያለ ፈቃድ ቀርቷል" የሚል ማስጠንቀቂያ ተፈርሞ ጠበቀኝ። አለቃው ዋሽቶኝ አይደለም። የሱ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ የጋሼ ፋይል ውስጥ አልገባም፣ በቃ። ማስጠንቀቂያው የተነሣው ብዙ ደጅ ከጠናሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ በወረቀት ጻፉ። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር አስጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። "አብሽር፣ እኛ ጋ ነው፣ ምን ችግር አለ" ቢሏችሁም አስፈርሙ። ደብዳቤው መርዘም የለበትም፦

ለ……… ድርጅት የሰው ሀብት አስተዳደር
ኮምቦልቻ
ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድ ስለመጠየቅ
ወንድሜ አቶ ………፣ የመታወቂያ ቁጥር ………፣ በ……… ክፍል የሚሠራ ሲሆን ጥር 4 ቀን ምሽት በድንገት ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ በመታከም ላይ ይገኛል። ራሱ ቀርቦ ማመልከት ባለመቻሉ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠው እየጠየቅሁ፣ የሕክምና ማስረጃውን 2 ገጽ ከዚህ ጋር አያይዤ አቅርቤያለሁ።
ከሰላምታ ጋር

ይኸው ነው። የሕመሙን ታሪክ መተረክ አያስፈልግም፤ ማስረጃው ይናገራል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሐኪም ፈቃዱን በአንዴ ለስድስት ወር አይጽፍም፤ 15 ቀን ወይም አንድ ወር ጽፎ "ተመለሱ" ይላል። የመጀመሪያው ወረቀት ባለቀበትና አዲሱ በሚጀምርበት መሐል ሁለት ቀን ክፍት ከሆነ፣ እነዚያ ሁለት ቀናት "ያለ ፈቃድ የቀረ" ይሆናሉ። የክትትል ቀጠሮውን ወረቀቱ ከማለቁ በፊት አስይዙ። ደብተሩ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ጻፉት።

ለአስታማሚውም ትንሽ ነገር አለ። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 81፣ ልዩና አሳሳቢ ነገር ያጋጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ መውሰድ ይችላል፤ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። የዓመት ፈቃድ ካላችሁ ግን እሱን አስቀድሙ፤ ደመወዝ አለው።

4. ገንዘቡን አስሉ

የሕመም ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የሚቆጠረው ሕመሙ ከጀመረበት ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ በተከታታይም ይወሰድ ተቆራርጦ። ክፍያው አንቀጽ 86 ላይ ነው፦ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

በብር እንየው። ደመወዙ 6,000 የሆነ ሰው ጥር 4 ቢታመም እስከ የካቲት 3 ድረስ 6,000 ያገኛል። ከዚያ እስከ ሚያዝያ 3 ድረስ በየወሩ 3,000። ከሚያዝያ 4 ጀምሮ እስከ ሐምሌ 3 ባዶ። በስድስት ወር ውስጥ የገባው 12,000 ብር ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ፣ ታክሲው፣ ለስለስ ያለው ምግብ ደግሞ በየወሩ ያው ነው። ይህን ስሌት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሥሩት። ዕቁብ ካለ ዕጣውን ወደ አራተኛው ወር ማዞር ይቻል እንደሆነ ዳኛውን ጠይቁ። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለው በባዶዎቹ ወራት እንዲታሰብለት አመልክቱ። የድርጅቱን የኅብረት ስምምነትም፣ ድርጅቱና ሠራተኛ ማኅበሩ የተፈራረሙትን ማለት ነው፣ ከማኅበሩ ተቀብላችሁ አንብቡ፤ አንዳንዱ ከአዋጁ የተሻለ ይሰጣል።

ደሙ የፈሰሰው በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከመሰላል ወድቆ፣ ዕቃ ራሱ ላይ ወድቆበት፣ ወይም ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሕመም ፈቃድ ብላችሁ አታመልክቱ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሕክምናውም ወጪ በአሠሪው ነው። ከደሴ በሰርቪስ እየወረደ ለሚሠራው ሁሉ ይህችን ማወቅ ትጠቅመዋለች።

ደመወዙን የሚያወጣለት ሰውም ያስፈልጋል። በሽተኛው የሚባለውን የሚረዳ ከሆነ፣ መናገር ቢያቅተውም፣ ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ሄዳችሁ ስለ ውክልና ጠይቁ። የሚስጥር ቁጥሩን ተቀብሎ ከማሽን ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ በኋላ ግን ወንድምና እህት ያጣላል።

5. ቤት ሲገባ

እዚህ ላይ ብዙ እላለሁ፤ ምክንያቱም ማንም አልነገረኝም።

ድካሙ። ከበሽታው ሁሉ የማይታየው እሱ ነው። ጋሼ አንድ ቀን ተነሥቶ ራሱ ጺሙን ተላጨ። ደስ አለን፣ እናቴ እልል ልትል ነበር። ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኛ። መላጨቱ ብቻ ጨረሰው። ስንፍና አይደለም፤ የተጎዳ አንጎል ትንሿን ሥራ በብዙ ጉልበት ነው የሚሠራት። ቀኑን ቆራርጡለት፦ ትንሽ ሥራ፣ ዕረፍት፣ ትንሽ ሥራ።

መብላት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ፤ ተኝቶ ማጉረስ የለም። ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ወይም ድምፁ እርጥብ እርጥብ ካለ መዋጡ አልተስተካከለም፤ ለሐኪሙ ንገሩ። እስከዚያ ወፈር ያለ አጥሚት ከቀጭን ሾርባ ይሻላል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደም ይቆይ።

እጁ። ስታነሡት በደከመው እጁ አትጎትቱት፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ሲቀመጥ ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፉለት። መገላበጥ ካልቻለ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፤ ተረከዙንና ወገቡን እያያችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ያሳየውን እንቅስቃሴ በስልክ ቅረጹና በቀን ደጋግማችሁ አሠሩት። ትልቁ ለውጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ግን መሻሉ ይቀጥላል።

ብርዱ። የደሴን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በሽተኛ ሲበርደው ከሰል ይቀርብለታል። የደነዘዘ እጅ ደግሞ ሲቃጠል አያውቅም። የጋሼ ጣት ላይ ያለው ጠባሳ የስትሮኩ ሳይሆን የምድጃው ነው። ከሰሉን ተዉት፤ በተዘጋ ቤት ጭሱም ገዳይ ነው። ጋቢ ደርቡለት።

ሽንት ቤት። ቁጢጥ ብሎ መነሣት አይችልም። እኛ አናጢ ዘንድ ሄደን የእንጨት ወንበር መሐሉን አስቀደድን፤ ከጉድጓዱ በላይ አስቀመጥነው። ሆድ ድርቀት እንዳይዘው ውሃና ጎመን አብዙለት።

ንግግሩ። "መነጽሬን" ሊል "ማንኪያዬን" ይላል። ያውቃል፣ ቃሉ ነው የጠፋበት። አትሳቁ፣ ቶሎ ብላችሁም አትሙሉለት። "አዎ" ወይም "አይ" የሚያሰኝ ጥያቄ ጠይቁት፣ ታገሡት። ድሮ ድንጋይ የነበረ ሰው በትንሽ ነገር ሊያለቅስ ይችላል። ሆድ መባሱ የሕመሙ አካል ነው፤ ከሰነበተ ለሐኪም ንገሩ፣ መድኃኒት አለው።

ጠያቂ። ወሎ ውስጥ ሰው ታሞ ጠያቂ አይከለከልም። እናቴን "ሰው አይግባ" ብላት ከቤት ታስወጣኝ ነበር። ያደረግነው ይህን ነው፦ ቡናው ጎረቤት ቤት ይፈላል። ጠያቂው እዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን እየጠጣ ይጫወታል፣ ዱዓውንም ያደርጋል። ወደ ጋሼ ሁለት ሁለት እየሆነ ለአምስት ደቂቃ ይገባል። ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም ቡናው ደመቀ።

6. ግፊቱና ክኒኑ

ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ካረፈ በኋላ ለኩና ደብተሩ ላይ ጻፉ። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ130/80 በታች ነው፤ የእሱን ልክ ግን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ ክኒኑን አታቁሙ። የወረደው ክኒኑ ስላለ ነው! ጋሼን የጣለው ይኸው ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት "ተሽሎኛል" ብሎ ተወው።

ጨው ቀንሱ። በቀን ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥ። ችግሩ ጨው ማሰሮ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። በርበሬውም ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፤ ቡናውን በጨው የሚጠጣም አለ። ለሱ ትንሽ በርበሬ ያለ ጨው ለብቻ አስፈጩ። ሲጋራም ጫትም ይቁም። ጫት ግፊት ይጨምራል። እዚህ አገር ይህን መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ተናግሬዋለሁ።

ራሱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡት፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ክኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲደርስ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ድንገት እንደ መጀመሪያው ያለ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃበት እንቅልፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ አዲስ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ ወይም ያንድ እግር ብቻ እብጠት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

7. ወደ ሥራ ሲመለስ

ሰውነቱ ሳይዘጋጅ ደመወዙ ያለቀበት ሰው ቶሎ መመለስ ይፈልጋል። ጋሼም በአራተኛው ወር ጫማውን አስሮ ቁጭ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፈትኑት። የሥራውን ሰዓት ያህል ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ አንድ ነገር እየሠራ ሦስት ቀን ይዋል። በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ? ድካም ከጣለው ገና ነው።

ከሐኪሙ "ሥራ መጀመር ይችላል" የሚል ብቻ አታስጽፉ። ምን እንደማይችል ይጻፍ፦ የማታ ፈረቃ፣ ከፍታ፣ የሚሽከረከር ማሽን፣ ከባድ ሸክም። ሹፌር ወይም የባጃጅ አሽከርካሪ ከሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ መሪ አይያዝ፤ መንቀጥቀጥ ያለበትን ሰው መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል። ከዚያ ያን ወረቀት ይዛችሁ ቀለል ያለ ሥራ ወይም ለተወሰኑ ሳምንታት ግማሽ ቀን ጠይቁ። ይህ በድርድር የሚገኝ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ የቅርብ አለቃና የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው አብረዋችሁ ቢገቡ ጥሩ ነው። አዲስ ውል ቀርቦ "ፈርም" ከተባለ ደመወዙ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብባችሁ ነው።

መመለስ የማይችል ከሆነ ደግሞ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለና በጤና ምክንያት ከሥራ የተሰናበተ የጡረታ አባል የዕድሜ ልክ የጤና ጉድለት አበል ያገኛል። በራሱ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ ብሎ ከመፈረሙ በፊት ይህን አስጨርሱ። ከፈረመ በኋላ "በጤና ምክንያት ነው" ማለት ሌላ ክርክር ነው።

ጋሼ በሐምሌ መጀመሪያ ተመለሰ። ማሽኑ ላይ ሳይሆን መጋዘን ውስጥ፣ ቀን ቀን ብቻ፣ ዕቃ እየቆጠረ። ጠዋት ሰርቪስ ሲገባ በስተቀኝ መስኮቱ ጋ ነው የሚቀመጠው፤ ሰው ሲያልፍ ደካማውን እጁን እንዳይገፋበት። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሰው ያችን ቦታ ይዞበት አያውቅም።